ብርቅዬን ያከሙት ሰው

ሐኪም የሌለበት ከተማ አይቻለሁ፤ ሐኪም ነኝ ባይ የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እንዲህ ያለው ሰው ስታስነጥስ ከአጥር ማዶ መድኃኒቱን ይነግርሃል፤ ሳታስነጥስም ፊትህን አይቶ ይነግርሃል። አሰብ ላይ ለእኛ ግቢ የደረሱን ጋሽ ውብሸት ነበሩ።

ሊቀ ጠበብት ጋሽ ውብሸት በሥራቸው የወደብ መጋዘን ጠባቂ፣ በትውልዳቸው የደብረ ማርቆስ ሰው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ደግሞ የመላው አሰብ ሐኪም ነበሩ። መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ቅቤ። ሾፌሮች ከደጋ በቆርቆሮ ያመጡላቸዋል፤ በረሃውን አቋርጦ ሲደርስ ዘይት ሆኗል። ራስ ምታት ካሉ አናት ላይ፣ ጆሮ ካሉ ጆሮ ውስጥ፣ ሆድ ካሉ በማንኪያ። ጀርባዬ በሙቀት ሽፍታ ሲነድ እኔንም ቀብተውኛል። ብሶብኝ ስጮህ "እየወጣልህ ነው" አሉኝ። "እኔን ስማ፤ ሐኪም ምን ያውቃል!"

ጥርሱን የታመመ አንድ የከባድ መኪና ሾፌርም ቅቤ የነካ ጥጥ አስነክሰው ወደ አዲስ አበባ ሸኙት። እዚያ ጥርሱን አስነቅሎ ሲመለስ "አየህ፣ ለቀቀህ!" ብለው ምስጋናውን ለራሳቸው ወሰዱ።

ቤታቸው ግን ባዶ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከአሰብ ሙቀት ጋር ሁለት ዓመት ታግለው "ለአንድ ወር" ብለው በአውሮፕላን ወጡ፤ አልተመለሱም። በዚያው ሰሞን አንዲት ጭራዋ የተቆረጠ የግድግዳ እንሽላሊት ከጣሪያው እራት ሳህናቸው አጠገብ ወደቀች። ሌላው ደገኛ በጫማ ይላት ነበር። እሳቸው ብርቅዬ ብለው ስም አወጡላት፤ በሳሙና ሣጥን ላይ የሽቦ ወንፊት ወጥረው ቤት ሠሩላት። ከሥራ ሲመለሱ በረሮ እያጎረሱ የቀኑን ወሬ ይነግሯታል። ክፍላችን የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። አንድ ቀን "ወለተ እንግዲህ አትመጣም፣ ብርቅዬ" ሲሉ ሰምቼ ሬዲዮኔን ከፍ አደረግሁ።

በ1961 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ደረቁ ነፋስ አሸዋ ሲያለብሰን በሰነበተበት ሳምንት፣ ብርቅዬ ቆዳዋን ስትቀይር አልሆነላትም። የገላዋ ለቀቀ፤ የጣቶቿና የዓይኗ ግን እላይዋ ላይ ደርቆ ቀረ። ጣቶቿን አንቆ አጠቆራቸው። መብላት ተወች። የግቢያችን ነርስ ይርጋለም መጥታ አየቻት።

"ጋሽ ውብሸት፣ ውሃ ነው የምትፈልገው። ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ አርጥበው እላዩ ላይ ያስቀምጧት። ቆዳው ሲርስ በራሱ ይለቃል። ሌላ ነገር እንዳይቀቧት፣ አደራ!"

እሷ ስትወጣ ወደ እኔ ዞሩ። "ውሃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መድኃኒት የሆነው? እኔን ስማ፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ቆዳው ሲደርቅ ቅቤ ነው የሚቀባው።"

እኔም ዝም አልኩ። ለቢሮ ጓደኞቼ የማወራው አገኘሁ ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከአናቷ እስከ ጉቶ ጭራዋ ቀቧት። ደብረ ማርቆስ ቢሆን ቅቤ የተቀባ በሰላም ያድራል። አሰብ ላይ ጉንዳን አለ።

ጠዋት በጩኸታቸው ነቅቼ ሮጥኩ። ጉንዳኑ ከመስኮቱ እስከ ሣጥኑ ተሰልፏል፤ ወንፊቱ ጠቁሯል። ብርቅዬ አልሞተችም ነበር፤ የከፋውም ይኸው ነው። ጋሽ ውብሸት መዳፋቸው ላይ አስተኝተው፣ እጃቸው እየተነከሰ፣ ከዓይኗ ላይ አንድ በአንድ ይለቅማሉ።

"ነርሷን ጥራልኝ! ቶሎ በል፣ ይርጋለምን ጥራልኝ!"

ይርጋለም ነጠላዋን እየጎተተች ስትደርስ ብርቅዬ አልቆላታል። ጋሽ ውብሸት "እኔ ነኝ የገደልኳት" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማከም ተዉ። ሰው ቢያስነጥስ፣ ቢያነክስ፣ ቀና ብለው አያዩም። መጀመሪያ እፎይ አልን። በሁለተኛው ሳምንት ግን ዝምታቸው አስፈራኝ፤ ከግድግዳው ማዶ ሳል እንኳ አይሰማም። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ጋሽ ውብሸት፣ ጆሮዬን አሞኛል።"

"ሐኪም ቤት ሂድ" አሉኝ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። ይህን ከእሳቸው አፍ መስማት አንጀቴን በላው።

"ሄጄ ነበር፤ ምንም አላደረጉልኝም" ብዬ ዋሸሁ።

ተነሡ። ቅቤ በማንኪያ ቀድተው በክብሪት አሞቁ። "ብጎዳህስ?" አሉ።

"ግድ የለም፣ ያድርጉልኝ" ብዬ ራሴን ጭናቸው ላይ አስደገፍኩ። ቅቤው ከመጠን በላይ ፈሰሰ፤ ትኩስም ነበር።

ምንም ያልነበረው ጆሮዬ ሳምንት ሙሉ ደነቆረ። በማግሥቱ ከግቢ ወጥቼ ወደ ቢሮ ስሄድ ከአጥር ማዶ አንገታቸውን አስግገው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ድምፃቸው አልተሰማኝም፤ ከፊታቸው ግን "ተሻለህ?" ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

"በጣም ተሽሎኛል!" ብዬ ጮህኩላቸው።