ጋሼ ተሰማ አንበሳ ሊያዩ የወጡ ዕለት

የመርካቶ ነጋዴ ለሽርሽር ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም፤ አይወጣማ። እሑድ እንኳ ሱቁን ዘግቶ በሩ ላይ በርጩማ ያወጣና ይቀመጣል። ከሱቁ ርቆ ምን ይሠራል? የእህቴ ባል ጋሼ ተሰማ ግን በጃንሆይ ዘመን አንድ እሑድ እህቴን፣ ልጆቻቸውንና እኔን፣ ሁላችንንም የጭነት መኪናቸው ላይ አሳፍረው ከናዝሬት ወዲያ ወዳለው ቆላ፣ አራዊት ወደሚጠበቁበት ሜዳ ወሰዱን። ሰፈራችን ጎጃም በረንዳ ጉድ አለ። ጎረቤታችን ሐጂ ይመር መኪናው ድረስ መጥተው፣ "ተሰማ፣ አደራህን፣ አንበሳውን ዋጋ እንዳትጠይቀው" ብለው ሸኙን።

ሽርሽሩ ለስሙ ነው። ጉዳዩ የእኔ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ስለ አራዊት ነው። ስመረቅ ለዚያ ሜዳ የጠባቂዎች አለቃ ይፈለግ ነበር። ፈተናውን አንደኛ ሆኜ አለፍኩ፤ ሥራው ለአንድ ደጃዝማች የእህት ልጅ ተሰጠ። ልጁ ውሻ ይፈራል። ይህን የምለው ቂም ይዤ አይደለም። ቂምማ ይዣለሁ፤ ውሻ መፍራቱ ግን እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ በጋሼ ተሰማ ሱቅ አቡጀዲ ስለካ ከረምኩ። ኋላ የሜዳው ዳይሬክተር ምክትል እንደሚፈልጉ፣ እሑድ እሑድም እዚያ እንደሚውሉ ጋሼ ተሰማ ሰሙ። ዳይሬክተሩ ደግሞ ደንበኛቸው ናቸው። "አንተ ዝም በል፤ መሸጥ የማውቀው እኔ ነኝ" አሉኝ።

ደረስን። መንገድ የሚያሳየን ዘበኛ መኪናው ላይ ወጣ። ሳላዎች ቀንዳቸውን እንደ ጦር አቁመው ሲያልፉ፣ ውሃ ሳይጠጡ እንዴት እንደሚቆዩ ለልጆቹ ማስረዳት ጀመርኩ። ማን ይሰማኛል? እህቴ፣ "ይህ ሁሉ ሥጋ እንዲሁ ይዞራል?" ብላ አዘነች። ቀጥሎ ግራር ሥር የተኛ አንበሳ አገኘን። ልጆቹ እርስ በርስ ተጠጋጉ። ጋሼ ተሰማ እያዩት እያዩት ቆዩና ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ይኸው ነው? አርጅቷል እኮ። ጎፈሩም ሳስቷል። ሌላ የለህም?" አሉት ዘበኛውን።

"ጋሼ፣ የሚሸጥ አይደለም" አላቸው።

"ቢሆንም" አሉ።

አትፍረዱባቸው። ዕድሜ ልካቸውን የወደዱትን ዕቃ ሳያንቋሽሹ ገዝተው አያውቁም። አንበሳውን ወደውት ነበር።

በምሳ ሰዓት ዳይሬክተሩን አንድ ሰፊ ዛፍ ሥር አገኘናቸው። የደጃዝማቹ የእህት ልጅ ካኪውን ለብሶ አጠገባቸው ቆሟል። እህቴ ይዛ የመጣችውን ዶሮ ወጥ አቀረበች። ሲጠግቡ ጋሼ ተሰማ ስለ አራዊት መማሬን ጣል አደረጉላቸው፤ ዳይሬክተሩም ወደ እኔ ዞረው ስለ ሳላ ጠየቁኝ። መለስኩ። ሌላ ጠየቁኝ፤ ያንንም መለስኩ። ፊታቸው ሲፈካ አየሁ።

"አቶ ተሰማ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ የት ደብቀውት ኖሯል? እኛ ለምክትልነት ሰው አጥተናል" አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። "ይውሰዱት" ማለት ብቻ። ጋሼ ተሰማ ግን መርካቶ ያደጉ ሰው ናቸው። የገዢ ዓይን ሲበራ ዕቃውን ወደ ኋላ ሸሸግ ያደርጉታል።

"ምን ያደርጋል ክቡርነትዎ፣ ተይዟል" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ሌላ መሥሪያ ቤት ለምኖ ለምኖ ቃል አስገብቶኛል።"

የመርካቶ ገዢ ቢሆን ኖሮ "ግድ የለም፣ ጨምሬ እወስደዋለሁ" ይል ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ጨዋ ሰው ናቸው።

"ቃልማ ከገቡ ምን ይደረጋል? እንኳን ደስ ያለህ ልጄ" ብለው ጨበጡኝ።

አፌን ስከፍት ጋሼ ተሰማ እግሬን ረገጡኝ። ገዢው ሊጨምር ነው፣ አታበላሽ ማለታቸው ነው። ዳይሬክተሩ እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

ስንመለስ ጋሼ ተሰማ መንገዱን ሙሉ እንዳልደነግጥ መከሩኝ። ገዢ ጥቂት ራቅ ይላል እንጂ መመለሱ አይቀርም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዳይሬክተሩ ሱቃችን ድረስ መጡ። ጋሼ ተሰማ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ሰውዬው የመጡት ለአዲሱ ምክትላቸው ካኪ ሊገዙ ነው። ምክትሉ የዚያው ደጃዝማች ሌላ የእህት ልጅ ነው።

ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ። ካኪውን ሳቀብላቸው ዳይሬክተሩን ገረማቸው።

"ያ መሥሪያ ቤት እስካሁን አልወሰደህም?" አሉ።

ጋሼ ተሰማ ቀደሙኝ።

"ክቡርነትዎ፣ አሁንማ የሚለምኑኝ ሁለት ሆነዋል።"