ማንም ሳይነካው የጮኸው ብረት

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» እንላለን። ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚመጣ ግን የነገረን የለም። ሰውም ይሁን ብረት፣ «ጠንካራ ነው» ከተባለ ምርመራው ያበቃል። በዘገባ ሥራ ያረጀሁት እኔም እንደናንተው አምን ነበር፤ ሀርጌሳ እስካስተማረችኝ ድረስ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ነው። ተኩሱ ሲበረታ፣ ድሬዳዋ ያደጉት ነጋዴ ሐጂ ጃማ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን በጭነት መኪናቸው ተሳቢ ላይ አሳፍረው ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሊሸሹ ተነሡ። እኔንም ሊወስዱኝ ፈቀዱ። ችግሩ፣ ተሳቢውን ከመኪናው የሚያያይዘው መጎተቻ ተሰብሯል። ሐጂ ከተቃጠለ ታንክ የተቆረጠ ብረት አሸክመው፣ ከዋሄን ገበያ ጀርባ ወደሚሠራው የጎንደሩ በያጅ አስፋው ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ።

«ይኼን በይድልኝ። መድፍ የቻለ ብረት ነው፣ ወላሂ!»

«ሐጂ፣ መድፍ መቻልና ብየዳ መቻል ይለያያል» አለ አስፋው። «ካርቦንና ክሮም ስለበዛበት ነው የጠነከረው። ተበይዶ ቶሎ ከቀዘቀዘ ዳሩ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ኒኬል ያለበት የብየዳ ዘንግ ቢኖረኝ ብየዳው ሸክሙን ይችል ነበር፤ የለኝም። ቢያንስ በከሰል ላሙቀውና ቀስ ብሎ ይብረድ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ግማሽ ቀን።»

«ግማሽ ቀን ማን ሰጠን? አንተ ልጅ፣ ብረት ነው የምትበይደው ወይስ በሽተኛ የምታስታምመው?»

አስፋው ሳያሞቀው በየደው። ሲያዩት ያምራል። ዕቃው ተጫነ፤ ልጆቹ ሊሳፈሩ ተሰለፉ። ያን ጊዜ፦ ጧ!

ሁላችንም መሬት ላይ ተዘረጋን። ሐጂ በልጆቹ ላይ ወደቁ። እኔ በሆዴ እንደተኛሁ ማስታወሻዬን አውጥቼ «አንድ ጥይት፣ አቅጣጫው ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። ቆሞ የቀረው አስፋው ብቻ ነው።

«ተነሡ። የጮኸው የኛው ብረት ነው።»

መጎተቻው ከብየዳው ዳር ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ማንም ሳይነካው። ሐጂ ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተቱ። እኔ ልጆቹን ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ። ከዚያ ጥይቱን ከማስታወሻዬ ሰረዝኩት።

አስፋው ከፈረሰ መጋዘን ጣሪያ ተራ ብረት አውርዶ በየደ። ሐጂ «የቆርቆሮ ዘመድ» ብለው የሰደቡት ያ ብረት በየደረቁ ወንዝ ጎበጠ፣ ተጣመመ፤ አልተሰበረም። አስፋውን ጨምሮ ሁላችንም ድንበሩን ተሻገርን።

ሐጂ ወርደው የጎበጠውን መጎተቻ አዩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደረስን። አሁን አስፋው፣ ይኼ ያሳፍራል። ጠንካራ አድርገህ ሥራልኝ።»

ከተሳቢው ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ጎትተው አወረዱ። የታንኩ ብረት! ቦታ ጠበበን ብለው የልጆቹን ፍራሽ ጥለው የመጡት ሰውዬ።

አስፋው ከሰል ፍለጋ ሄደ።