ከሁሉ በፊት የመጡት ሰው

የትም ሂዱ፣ የትም ስፈሩ፣ ከእናንተ ቀድሞ የመጣ ሰው አይጠፋም። መምጣቱስ ባልከፋ፤ ጣጣው መናገሩ ነው። ሆስፒታል ብትተኙ ከጎናችሁ ያለው በሽተኛ ሦስት ቀን ስለቀደማችሁ ብቻ የነርሶቹን ጠባይ ያስጠናችኋል። አውቶቡስ ብትሳፈሩ አንድ ፌርማታ ቀድሞ የተሳፈረው፣ ወንበሩን ከአባቱ የወረሰ ይመስል እያጉረመረመ ይጠጋላችኋል። እኔ መንግሥተ ሰማያት ብገባ እንኳ አንዱ በር ላይ ቆሞ «እኔ ስመጣ እዚህ ደመና ብቻ ነበር» እንደሚለኝ አልጠራጠርም።

እኛ ሰፈር ይህ ሰው ክቡር ሚስተር ኤልውድ ፕሩዊት ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት የጆርጂያ ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግኑ ኖሩ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ቀድሞ መምጣት ነው።

ሰፈራችን ፍሎሪዳ ውስጥ ነው፤ ስሙ የመንደሪን ኮረብታ። መንደሪንም የለው፣ ኮረብታም የለው። የጡረተኞች ሰፈር ስለሆነ ሃምሳ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ቤት አይገዛበትም። ሕፃን አይወለድበትም፤ ከመካከላችን መጨረሻ የወለደችው ሴት እንኳ ልጇ መላጣ ሆኗል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰፈር በምን ተአምር ይባዛል? ይባዛል እንጂ! ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት አርባ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም አብዛኛው ባዶ። ዛሬ ሃያ ሺህ ሰው ልንሞላ ነው። ሰኞ ሜዳ የነበረ ቦታ ላይ ለገና ሰው መብራት ሰቅሎ ታገኙታላችሁ። የውሃ ውስጥ ስፖርት ድሮ ስድስት ሆነን ነበር የምንሠራው፤ አሁን ዘጠና ነን፤ እጄን ሳነሳ የማነሳው የማንን እጅ እንደሆነ አላውቅም።

ሚስተር ኤልውድ ይህን ሁሉ ጉድ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የሚገልጹት፦ «እኔ ስመጣ እዚህ ላም ነበር!»

እውነታቸውን ነው፤ ቦታው የከብት ግጦሽ ነበር። ግን እኮ አንዴ ቢሉት ይበቃል! ደብዳቤ ልታወጡ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ስትቆሙ፣ «እዚህ ሳጥን ጋ ላም ነበር።» ባንክ ስትሰለፉ፣ «ይቺ ገንዘብ ተቀባይ የተቀመጠችበት ቦታ ላም ነበር።» ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ክሊኒክ ደግሞ ዶክተሩ የደም ግፊታቸውን ሲለኩ፣ «ዶክተር፣ እርስዎ የቆሙበት ቦታ ላይ አንዲት ቡናማ ላም ትተኛ ነበር» ብለዋቸዋል። ግፊታቸው ደህና ነው። የዶክተሩን እንጃ።

የሚገርመው ላሞቹም እንደኛው መባዛታቸው ነው። መጀመሪያ ዓመት አሥራ ሁለት ላም ነበር ያሉት፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአምስተኛው ዓመት ስልሳ ደረሱ። ባለፈው ፋሲካ ለአንድ ከኦሃዮ ለመጣ ምስኪን ሲያወሩ ሦስት መቶ ገብተዋል፤ በሬም ተጨምሮበታል፤ በሬውም ሚስተር ኤልውድን አባሯቸዋል።

የሕዝቡን መብዛት የሚቃወም እንደ እሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። ወር በገባ ቁጥር በሚደረገው ስብሰባ ላይ ማይኩን ይጨብጡና፣ «በሩ ይዘጋ! ከእንግዲህ አንድም ሰው አይግባ! ትላንት መኪና ማቆሚያው ላይ አርባ ጋሪ ቆጥሬ የራሴን አጣሁት!» ይላሉ። ጋሪ የሚሉት የጎልፍ ጋሪውን፣ ያችን በባትሪ የምትሄድ ትንሽ መኪና ነው፤ እዚህ ሰፈር ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ቀብርም በሱ ነው የሚኬደው። ጋሪያቸውን ስለማጣታቸው ግን ሙሉውን አልተናገሩም። እነዚህ ጋሪዎች መልካቸው አንድ ነው፣ ቁልፋቸውም አንድ ነው፤ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን ያስነሳል። ሚስተር ኤልውድ ከሱፐርማርኬት ወጥተው ያገኙትን አስነስተው ሄዱ። ቤታቸው ሲደርሱ ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ነጭ ቡችላ ተቀምጦ ያያቸዋል።

«ናዲን!» አሉ ባለቤታቸውን ጠርተው፣ «ውሻ አለን እንዴ?»

«የለንም ኤልውድ።»

«እንግዲያው የሰው ጋሪ ሰርቀናል።»

ያ ሁሉ በሩ ይዘጋ ባይነት ግን ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ያልቃል። በማግስቱ ጠዋት ወገባቸው ላይ ሽርጥ አስረው የበቆሎ ዳቦ ሲጋግሩ ታገኟቸዋላችሁ። አዲስ ለገባ ሰው ሁሉ ትኩስ የበቆሎ ዳቦ ይዘው ያንኳኳሉ። ሁሉ ስላችሁ ሁሉ ማለቴ ነው። በፊት በወር አንድ ሁለት ቤት ነበር፤ አሁን በወር ስልሳ ቤት ይገባል። እየጋገሩ ይራገማሉ። «ምን ቆርጧቸው ነው እንዲህ የሚግተለተሉት? አገራቸው ምን ሆነ? ናዲን፣ ቅቤ አቀብዪኝ! ኧረ አይበቃም ወይ ፈጣሪዬ! እንቁላሉስ?»

ቤቶቹም እንደ ጋሪዎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ሐስከል የሚባሉትን ባልና ሚስት ሦስት ጊዜ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለዋቸዋል። ባልየው ሊነግሯቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ሚስትየው በክርናቸው ጎሸሟቸው፤ ዳቦው ይጣፍጣል። አንዴ ደግሞ እዚህ ሰባት ዓመት የኖረች ሴት በር ላይ ቆመው ስለ ላሞቹ ግማሽ ሰዓት አስረዷት። አልቅሳ ነው የተቀበለቻቸው። ለካ ስትገባ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ኖሮ ማንም አላንኳኳላትም ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ ጉድ ፈላ። የሰፈሩ አስተዳደር ቢሮ ሃያ ሺህ ልንሞላ ነው ብሎ ድግስ አሰበ። ዋናው በር ላይ ትልቅ ድንጋይ ይቆማል፤ ድንጋዩ ላይ የመጀመሪያው ነዋሪ ስም ይቀረጻል፤ ሪባኑንም ራሱ ይቆርጣል። ወሬው እንደተሰማ ሚስተር ኤልውድ ፀጉራቸውን ተቆረጡ።

ናዲን እኔ ዘንድ መጣች። እኔ ማርጎ እባላለሁ፤ ከሚሺጋን ነኝ፤ ቤታቸውና ቤቴ ፊት ለፊት ነው።

«ኮቱን ሦስት ጊዜ አስተኮሰኝ» አለችኝ። «በእንቅልፉ ንግግር ያደርጋል። ማርጎ፣ የሌላ ሰው ስም ቢወጣ ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ጉልበቱ ዳንሱን አስተወው። ጆሮው ስልኩን አስተወው። ጓደኞቹ ግማሾቹ የሉም። የቀረችው አንዲት ነገር ይህች ናት።»

«የማን ስም ይወጣል ብለሽ ነው ደግሞ!» አልኳት። አልኳት እንጂ የማን እንደሚወጣ አውቅ ነበር።

ምክንያቱም፣ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፣ ከሁሉ በፊት የመጣሁት እኔ ነኝ።

በአሥራ ዘጠኝ ቀን እቀድማቸዋለሁ። ቤቱን የገዛነው ከባለቤቴ ከረስ ጋር ነበር፤ ልንገባ አንድ ወር ሲቀረን ረስ ሞተ። ብቻዬን መጣሁ። ካርቶኖቹን አልፈታኋቸውም። መጋረጃ ዘግቼ፣ ብስኩት ቆሜ እየበላሁ፣ ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳልነጋገር አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀመጥኩ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ዝም አልኩ። አሁንም ተንኳኳ። ዝም አልኩ። በሦስተኛው ስከፍት አንድ ባለ ባርኔጣ ረጅም ሰው የበቆሎ ዳቦ ይዞ ቆሟል።

«እንኳን ደህና መጣሽ!» አሉኝ። «ኤልውድ ፕሩዊት እባላለሁ። እዚህ ከሁሉ በፊት የመጣሁት እኔ ነኝ። ሰፈሩን ላሳይሽ?»

ከትከሻቸው በላይ አሻግሬ ሳይ የጭነት መኪናቸው ገና ዕቃውን አላወረደም። ከመጡ ሦስት ሰዓት ቢሆናቸው ነው! በሦስት ሰዓት ውስጥ የሰፈሩ ሽማግሌ ሆነው አረፉት! አፌ ላይ መጥቶልኝ ነበር፤ ግን ከቀብሩ ወዲህ እንኳን ደህና መጣሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። «እሺ፣ ያሳዩኝ» አልኩና ወጣሁ። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት እያሳዩኝ ነው።

ድግሱ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ከቢሮው ኢቬት ደወለችልኝ። ኢቬት የነዋሪዎችን መዝገብ የምትይዝ፣ ወረቀት የማያመልጣት ሴት ናት።

«ሚስ ማርጎ፣ ደስ የሚል ዜና አለኝ! የድሮውን ፋይል ሳገላብጥ...»

«እንዳትጨርሺው» አልኩና ጋሪዬን አስነስቼ በረርኩ። በጋሪ መብረር ከተቻለ።

ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ማርጎ፣ ፌብሩዋሪ ሦስት። ኤልውድ ፕሩዊት፣ ፌብሩዋሪ ሃያ ሁለት።

«ስህተት ነው» አልኩ።

«ፊርማው ያንቺ አይደለም?»

«ፊርማው የኔ ነው። ያን ቀን ፈርሜ ቁልፍ ተቀበልኩና ወደ ሚሺጋን ተመለስኩ። የገባሁት ከሳቸው በኋላ ነው።»

ኢቬት መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ድንጋይ ላይ እኮ ነው የሚቀረጸው፣ ሚስ ማርጎ። በኋላ ማጥፋት የለም።»

«ድንጋይ መሆኑን ማን አጣው?» አልኳት። በሰባ አራት ዓመቴ እንዲህ ዓይኔን ሳላሽ እዋሻለሁ ብዬ አስቤም አላውቅም። ፋይሉን ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሰፈሩ በጋሪ ተጥለቀለቀ። ሚስተር ኤልውድ ሪባኑን ቆረጡ፤ መቀሱ ደነዝ ሆኖ በሁለተኛው ነው የተቆረጠላቸው። ድንጋዩ ላይ ስማቸውን በጣታቸው ዳሰሱት። ማይኩን ሲቀበሉ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ «እዚህ ላም ነበር!» ብሎ ጮኸ። ፊታቸው በራ። ንግግራቸው አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ላሞቹም አራት መቶ ደረሱ። ናዲን ከጎኔ ቆማ አለቀሰች፤ እኔም ከሷ አላነስኩም።

ስንመለስ ናዲን ከሴቶቹ ጋር ቀረችና ሚስተር ኤልውድ እኔን በጋሪያቸው ወሰዱኝ። መንገዳችን ላይ እንደደረስን ድንገት ጋሪውን አቆሙት።

«ሚስ ማርጎ፣ ቢሮ ሄደሽ ዋሽተሽልኛል።»

«ማን አለ? ኢቬት ናት አይደል?»

«ማንም አላለም። ኢቬት ፋይሉን ካየች ምን እንደምታገኝ አውቃለሁ፤ ስሜ ሲወጣ ደግሞ የማን ሥራ እንደሆነ ገባኝ።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «እኛ ስንመጣ ቀትር ነበር። መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ጋሪ የለም። አንድ ቤት ደጅ ላይ ግን በጠራራ ፀሐይ መብራት በርቷል። ናዲን አየችውና፣ ‹ኤልውድ፣ እዚያ ቤት ያለ ሰው ደህና አይደለም፤ ሂድ› አለችኝ። ለመንገድ የያዝነው ዳቦ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዳቦውን ይዤ ግቢዬ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ምን ብዬ ላንኳኳ? የማላውቃትን ሴት ምን ልበላት? መጨረሻ ላይ ‹ከሁሉ በፊት የመጣሁት እኔ ነኝ› የምትለዋ መጣችልኝ። ቀድሞ የመጣ ሰው ማንኳኳት ይችላል፤ ወግ ነው።»

«ታዲያ መኖሬን እያወቁ ነው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መጀመሪያ እኔ ነኝ ሲሉ የኖሩት?» አልኳቸው።

«ነኝ እንጂ!» ተቆጡ፤ ባርኔጣቸውንም መልሰው ደፉት። «አንቺ ገብተሽ ነበር እንጂ አልመጣሽም። መጋረጃ ዘግቶ ካርቶን ላይ መቀመጥ መምጣት ይባላል እንዴ? የመጣሽው በሩን የከፈትሽልኝ ቀን ነው።»

እንባዬን በመዳፌ ጠረግኩና ልክ ነዎት አልኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ የጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። እኔ ሁለተኛ ነኝ፤ በሦስት ሰዓት ተቀድሜአለሁ።