ጋሽ ልድገመው ባዶ ክፍል ውስጥ ማንን ይጠራሉ?

ጋሽ ልድገመው ከሙታን ጋር ያወራሉ አሉ። ምድር ቤት፣ የጨረር ሕክምናው ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቀው ስም ይጠራሉ፤ ስሙ የተጠራ ደግሞ ብዙ አይሰነብትም። ወሬውን የጀመረችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ሟቾቹ መልስ መስጠት ጀምረው ነበር።

የጨረር ቴክኒሻኗ አላመነችም። በየመሥሪያ ቤቱ ነገር መድገም የማይሰለቸው አንድ ሰው አይጠፋም፤ የእነሱ ድርሻ እኚህ ክቡር የፊዚክስ ባለሙያ ናቸው። የጨረሩን መጠን ለክተው ሲያበቁ «ልድገመው» ይላሉ። በር ቆልፈው ደረጃ ከወረዱ በኋላ «ልድገመው» ብለው ይመለሳሉ። አንዱን ሰው በአንድ ቀን አራት ጊዜ ተሰናብተውታል። እንዲህ ያለ ሰው ለሙታን ጊዜ ከየት ያመጣል?

ቡድኑ በምርምሩ አገር አቀፍ ሽልማት በሚቀበልበት ቀን ግን ጋሼ ጠፉ። ወደ ሽልማቱ የሚወስዳቸው መኪና ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። አለቃዋ ላብ በላብ ሆኖ፣ «እባክሽ እህቴ፣ ሰውዬሽን አውጪልን! ያለሳቸው ምን ብለን እንሸለማለን?» አላት።

ምድር ቤት ወረደች። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ማሽኑም የካሜራው ስክሪንም ጠፍተዋል። ከድምፅ ማጉያው ብቻ የጋሼ ድምፅ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ «ትንፋሽ ይሳቡ... ይያዙ... እንዳይንቀሳቀሱ...»

ከዚያ ስም ጠሩ። የአክስቷን ስም፣ ከነአባቷ።

ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ ለግራ ጡቷ ካንሰር ነገ ጠዋት ጨረር ትጀምራለች። ልጅቷን ሳይንሷ ከዳት።

ከባዱን በር ከፍታ ዘው አለች። ጋሼ ሱፍ እንደለበሱ በሕክምናው አልጋ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። እጆቻቸው ከራሳቸው በላይ ተሰቅለዋል። ዓይናቸው ፈጥጧል፤ ደረታቸው አይንቀሳቀስም።

«ጋሼ!»

ክንዳቸውን ይዛ ነቀነቀቻቸው።

«ጋሼ፣ በሞቴ!»

«ኡፍፍ!» ብለው ተነፈሱ። «አክስትሽ በትንፋሽ ልምምዱ ቀን አሥራ ስድስተኛው ሰከንድ ላይ ሳል ያዛቸው። ተኝቼ ሞከርኩት፤ በአሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ሰከንድ እንከፋፍለዋለን።»

ሽልማቱም የመጣው በዚሁ ነው፤ ታካሚዋ አየር ስባ ስትይዝ ሳንባዋ ይሞላል፣ ልቧም ከጨረሩ ይሸሻል። ለካ ጋሼ የእያንዳንዷን ታካሚ ተራ ቀድመው በራሳቸው ትንፋሽ ይሞክሩታል። ልጅቷን ልትመታቸውም ልታቅፋቸውም አማራት።

«ሰው እኮ... ሙታን ይጠራሉ ይልዎታል» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ነጭ ውሸት!» አሉ ከአልጋው እየወረዱ። «በዕድሜዬ የሞተ ሰው ጠርቼ አላውቅም። የምጠራው ነገ ጠዋት የሚመጡትን ነው።»