ከነተከራዩ የተነሳች ጎጆ

(ዲላ፣ በጣልያን ጊዜ። ጎረምሶች አንዲት የቀርከሃ ጎጆ እንዳለች ተሸክመው ይሄዳሉ። የጎጆዋ ባለቤት ባለሱቁ ገሪማ ከፊት ከፊት ይመራል። ከጎጆዋ ሥር የሚራመዱ ሁለት እግሮች ይታያሉ፤ የተከራዩ የይርጉ ናቸው።)

ገሪማ፦ ውጣ ከቤቴ አልኩህ!

ይርጉ፦ (ከውስጥ) እየሄድኩ እኮ ነው፣ ጋሼ!

ገሪማ፦ ከቤቱ ጋር መሄድ መውጣት ነው እንዴ?

ይርጉ፦ ታዲያ ቤቱ ካልቆመልኝ በየት በኩል ልውጣ? ኧረ ቀስ በሉ እናንተ፣ ጎመኔ ተደፋ!

ገሪማ፦ ጭራሽ ድስት ይዘሃል?

ይርጉ፦ ምሳዬን ሳልቀምስ አይደል እንዴ ያስነሱኝ!

ገሪማ፦ ባለፈው ወር ኪራይህ ጎደሎ! ከዚያ በፊትም ጎደሎ! ዛሬም ጎደሎ! አልወጣ ያለ ተከራይ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ቤቴን ወደ ግቢዬ፣ አንተን ሜዳ ላይ!

ይርጉ፦ ከተማው በወታደር ተይዞ ሌላ ቤት ከየት አገኛለሁ? ከጎጆዋማ አልለይም። ጋሼ፣ ከፊታችን ጉድጓድ አለ እንዴ?

ገሪማ፦ የለም! መንገዱን አውቀዋለሁ።

ይርጉ፦ (እግሮቹ ድንገት ይጠፋሉ) አለ!

(ጎጆዋ ገሪማ ግቢ ውስጥ ትቀመጣለች። ይርጉ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በበሩ ብቅ ይላል።)

ገሪማ፦ ክብሬን አየህ? ይሄ ሁሉ ጎረምሳ አንዲት ቤሳ ሳይጠይቀኝ ነው ግር ብሎ የወጣልኝ!

(ከመጡበት በኩል ከባድ ፍንዳታ ይሰማል። ገሪማ መሬት ላይ ይዘረጋል።)

ገሪማ፦ ም... ምንድን ነው?

ይርጉ፦ የጣልያን ድማሚት ነው። አዲሱ መንገድ ጎጆዋ በነበረችበት በኩል ያልፋል። እኔ እዚያው ድንጋይ ተሸካሚ አይደለሁ? ካስማ ሲተክሉ አይቼ ነግሬዎት ነበር።

ገሪማ፦ መቼ ነገርከኝ?

ይርጉ፦ ኪራይ ባመጣሁ ቁጥር። ገና «ጋሼ፣ መንገዱ...» ስል «አውቃለሁ!» ይሉኛል።

ገሪማ፦ (ተነስቶ ጎጆዋን እያቀፈ) ወይኔ ቤቴ! ትንሽ ብንዘገይ እኮ ብን ብላ ነበር! ተባረኩ ልጆቼ፣ እንኳንም አከበራችሁኝ!

ይርጉ፦ እነሱማ ሒሳባቸውን ከተቀበሉ ቆዩ። ባለቤቱ ካላዘዘን አናነሳም ብለው ነው እስከዛሬ ያስቸገሩኝ።

ገሪማ፦ የምን ሒሳብ? ማን ከፈላቸው?

ይርጉ፦ እኔ ነኛ!

ገሪማ፦ አንተ? ኪራይ እንኳ ሞልቶልህ የማታውቀው? ከየት አምጥተህ?

(ጎረምሶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።)

ይርጉ፦ በየወሩ ከሚጎድለው ነዋ፣ ጋሼ!