የተመረጠው ነጠላ

በአንድ ጊዜ አራት ቦታ የምትገኝ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አግብቻታለሁ።

ባለቤቴ ዘነበች፣ ያኔ በደርግ ዘመን፣ ቅዳሜ ሲነጋ የበቆሎ ጆንያዋን ወፍጮ ቤት፣ ጀሪካኗን የውሃ ቦኖው ጋ፣ አንድ ድንጋይ ደግሞ ቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ለስኳር ወረፋ ታስይዛለች። ከዚያ ትንሹን ልጃችንን አዝላ፣ በከተማችን በጂንካ መሃል ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ የሚግጡትን ከብቶች እየገፋች ክሊኒክ ትሄዳለች። እኔስ? እኔ አስብላታለሁ። ማሰብ ቀላል ሥራ መሰላችሁ?

አንድ ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ዘነበች ነጠላዋን አጣጥፋ አጠገቤ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና «ቦታዬን ጠብቅልኝ፣ መጣሁ» ብላ ወደ ወፍጮው በረረች። ወዲያው ለጽዳት ኮሚቴ ሰው ተፈለገ። አንዱ ጎረቤታችን ተነሥቶ «ጓድ ዘነበችን እጠቁማለሁ» አለ። ሊቀመንበሩ ወደ ነጠላው ዞሮ «ተቃውሞ አላት?» ሲል ጠየቀ። ነጠላው ዝም አለ። ዝምታ ደግሞ በዚያ ዘመን ስምምነት ነበር፤ በጭብጨባ አለፈ።

ዱቄቷን ተሸክማ ስትመለስ ነገርኳት።

«አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ምን አልክ?»

«ከሕዝብ ልለይ እንዴ? አጨበጨብኩ።»

አልተቆጣችም፤ የፈራሁት ይህንኑ ነበር። በሳምንቱ ነጠላዋን ለበሰች፤ ልጁን አሳዘለችኝ፤ ጆንያውንም አሸከመችኝ።

«እኔ ኮሚቴ ነኝ» አለች። «ወፍጮውን ስትጨርስ ቀበሌው ሱቅ ሂድና ድንጋዩን ተካው።»

ተካሁት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ትንሽ ታገሡኝና ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ድንጋዩ ይሻለን ነበር፤ እሱ እንኳ አያጉረመርምም።»