ማን ሞቶ ነው ደሴት የምንሄደው?

እኛ ደስታን በስልክ እንነግራለን፤ ሞትን ግን በሽማግሌ ነው የምንልከው። ልጅ ሲወለድ ወይ ዲቪ ሲደርስ፣ ሰውየው መኪና ይንዳ ድስት ያማስል ግድ ሳይሰጠን ደውለን ጆሮው ላይ እንጮህበታለን። መርዶ ሲሆን ግን አመላችን ሌላ ነው። ተጠራርተን እንመክራለን፤ የሰውየውን አለቃ አነጋግረን ፈቃድ እናወጣለታለን፤ ፌስቡክ እንዳይቀድመን ስልኩን በዘዴ እንቀበለዋለን፤ በባዶ ሆዱ እንዳይሰማም እህል እናስቀምሰዋለን። ሥርዓቱን እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። እኔው ራሴ ስንቱን ሰው «መኪናዬ አልነሳ አለችኝ፣ ድረስልኝ» ብዬ ከቤቱ አውጥቼ ሽማግሌ እጅ ላይ ጥዬዋለሁ። ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ባለፈው ሰመር የደረሰብኝን ስትሰሙ «ነካ ያደርገዋል እንዴ?» እንዳትሉኝ ነው።

የምንኖረው በዲቪው አገር፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን መኪና አቆማለሁ፤ ባለቤቴ ሰብለ አረጋውያን ቤት ትሠራለች። አንድ ሐሙስ ማታ እራት እየበላን ሰብለ ቀና ሳትል «ነገና ከነገ ወዲያ ኦፍ ነህ» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«ታደሰ ማናጀርህን አናግሮልሃል። ፓስፖርትህን ያዝ። ካናዳ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ በጀልባ ተሻግረን፣ አድረን እንመለሳለን።»

ታደሰ አበልጄ ነው፤ ልጃችንን ክርስትና ያነሳ፣ እዚሁ አጠገባችን ሐበሻ የሞላባት የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው። ድሮ እዚያው ሆቴል አብሮኝ ሠርቷል። ከእኔ በፊት ከአለቃዬ ጋር መነጋገሩ ደስ አላለኝም።

«ደሴቷ ላይ ማን አለን?» አልኳት።

«ማንም የለንም።»

እስቲ ፍረዱኝ። እኛ ሰው ዘንድ እንሄዳለን እንጂ ማንም ወደሌለበት ሄደን እናውቃለን? ከከተማ የምንወጣው ለሰርግ፣ ለክርስትና ወይም ለለቅሶ ነው። ሰርግ ቢሆን ሰብለ ገና ድሮ ቀሚስ ባሰፋች ነበር። ክርስትናም ቢሆን ወሬው ቀድሞ ይደርሰን ነበር። እንግዲህ ምን ቀረ? ካናዳ ውስጥ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ግርማ አለ፤ ቶሮንቶ ትራክ ይነዳል። እናታችን ደብረ ብርሃን ናት፤ ለፋሲካ ስደውልላት ጉንፋን ይዟት ድምጿ ሰልሎ ነበር። ወንድማማቾችን አንድ ቦታ ሰብስቦ ማርዳት ደግሞ የታወቀ ወግ ነው። ጉርሻው ከእጄ ወደቀ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። የቴሌዋ ሴትዮ ሊያገኟቸው አይችሉም አለችኝ። ይህች ሴትዮ ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው፤ ያን ቀን ግን የምታውቀው ነገር ያለ መሰለኝ። እህቴም አላነሳችም፤ እዚያ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ግርማ ጋ መደወል ፈራሁ፤ ካልሰማ እኔው ላረዳው ነው። ሰብለን በቀጥታ ለምን አልጠየቅካትም ትሉኝ ይሆናል። መርዶ አይጠየቅም። ቢጠየቅም መልሱ አንድ ነው። «ሰላም ነው?» አልኳት። «ሰላም ነው» አለችኝ ፈገግ ብላ። ያቺ ፈገግታ ጨረሰችኝ።

ዓርብ ጠዋት ታደሰ የኔ መኪና ረጅም መንገድ አትችልም ብሎ የራሱን ይዞልን መጣ። ሲሰናበተኝ አቅፎኝ ቆየ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገና «በርታ» አለኝ። ለካ ስለ መንዳቱ ነበር። መኪና ውስጥ እንደገባን ሰብለ እጇን ዘረጋች። «ስልክህን ስጠኝ። እስክንመለስ ስልክ የለም።» ሰጠኋት። ቦርሳዋን ስትከፍት ነጠላ አየሁ። «ለንፋሱ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት። ከዚያ ጀልባዋ እስከምትነሣበት እስከ ኦሃዮ ድረስ ሰብለ ስታንጎራጉር፣ እኔ በልቤ እናቴን ስቀብር ደረስን።

ጀልባ ስላችሁ የጣናን ታንኳ እንዳታስቡ። መኪናውን ከነጓዛችን ዋጠችው። ውኃው ሐይቅ ነው ይባላል እንጂ ወዲያ ማዶው አይታይም። ሰብለ ብረቱን ተደግፋ፣ ፀጉሯ በንፋስ ተበትኖ እንደ ልጅ ትስቃለች። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወፎቹ ከጎናችን ሲበሩ፣ ውኃው ፊቴ ላይ ሲረጭ እኔም ልቤ ዘለለ። በሕይወቴ ጀልባ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ ይላል፣ በጣም ደስ ይላል። ወዲያው ግን «እናትህ ሞታ!» ብዬ ራሴን ተቆጣሁና ፊቴን አጨማደድኩ። ትንሽ ቆይቶ ደስታው መልሶ ይመጣል፤ መልሼ እቆጣዋለሁ። ደሴቷ ብቅ እስክትል እኔና ደስታዬ ስንጨቃጨቅ ቆየን።

ወደቡ ላይ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አይነጋገሩም፤ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ወደ እኛ ያያሉ። ፈረንጆች ናቸው፤ ቢሆንም ግርማ ሐበሻ ቢያጣ ፈረንጅ ለምኖ ይሆናል አልኩ። አማተብኩ። ጀልባዋ ስትቀርብ አንደኛው እጁን ብድግ አደረገ፤ ከያዘው የመንጠቆ ክር ጫፍ ዓሣ ተንጠልጥሏል።

እንደወረድን የካናዳው ፓስፖርት መርማሪ የመጣችሁት ለቢዝነስ ነው ለፕለዠር፣ ለሥራ ነው ለመዝናናት ብሎ ጠየቀን። እኔ ወደ ሰብለ ዞርኩ። «ፕለዠር» አለች ዓይኗን ሳታሽ። ለእኔ ብላ መንግሥትን ስትዋሽ ሳይ፣ እንዲህ ያለች ሚስት የሰጠኝን አምላክ አመሰገንኩ።

ያረፍንባት የእንጨት ቤት ውኃው ዳር ናት። የቤቱ ባለቤት ዓሣ ጠብሳ አቀረበችልን። ግርማ እስካሁን አልመጣም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ይሆናል ብዬ እግር እፈልጋለሁ። ሰብለ «ብላ፤ ከዚያ የምነግርህ ነገር አለ» አለችኝ። እህል ማስቀመሱ ደረሰ ማለት ነው። አንዴ ጎረስኩና ሳህኑን ገፋ አደረግኩት። እሷ ስልኳን ብርጭቆ አስደግፋ አቆመችና እጄን ያዘች።

«ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ንገሪኝ። እችለዋለሁ።»

«ከተጋባን ሃያ ዓመት ሞላን። ሰርፕራይዝ ላድርግህ ብዬ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ የምትነግሪኝ የለም?»

«የለም።»

ከወንበሬ ወርጄ ተንበረከክሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ ቪዲዮው ላይ ነው ያየሁት። ጉልበቷን አቅፌ እንደ ሕፃን አነባለሁ፤ «ተመስገን! ተመስገን!» እላለሁ፤ ደረቴን እመታለሁ። የቤቱ ባለቤት በር ላይ ቆማ በመሐረቧ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሰብለም አለቀሰች። «እንዲህ እንደምትወደኝ አላውቅም ነበር» አለችኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

ከዚያስ? ከዚያማ የኔንም የእሷንም ዓሣ በላሁ። ብስክሌት ተከራይተን ደሴቷን ዞርናት። ሱሪዬን ሰብስቤ ውኃ ውስጥ ገባሁ፤ ያን ነጠላ እኔ ለበስኩት። ጀንበሯ ውኃው ውስጥ ስትገባ ሰብለ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በፊት ሙሽራ ሳለሁ እንኳ እንዲህ አልተደሰትኩም። እናቱ ሞታ የተነሣችለት ሰው የሚደሰተውን ያህል ነው የተደሰትኩት። ይህን የምጽፈውም ሰብለ ወግ አታነብም ብዬ ነው።

ችግሩ ቪዲዮውን ለቤተሰብና ለወዳጅ ሁሉ መላኳ ነው። ገና አሌክሳንድሪያ ሳንገባ ሲልቨር ስፕሪንግ በሙሉ አይቶታል። የታደሰን መኪና ስመልስ ቁልፉን ከእጄ መንጭቆ ወሰደው። «መኪናዬን አዋስኩህ፣ አንተ ትዳሬን አፈረስክ» አለኝ። «ሚስቴ "አንድ ቀን እንኳ አልቅሰህልኝ ታውቃለህ?" እያለች ክሬዚ አደረገችኝ።» እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ፤ ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሊያገባ የደረሰ ጎረምሳም ምክር ስጠኝ ብሎ መጣ። መከርኩት፤ ምን ላድርግ።

ከዚያ እናቴ ደወለች። እናቴ ሚስኮል ነው እንጂ ደውላ አታውቅም።

«ደረጀ፣ ካናዳ ሄደህ ስታለቅስ እህትህ አሳየችኝ።»

«አዎ እማዬ፣ ደስ ብሎኝ ነው።»

«በደስታ እንዲህ አይለቀስም። ወልጄሃለሁ፤ ለቅሶህን አውቀዋለሁ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ሁሉን እችላለሁ። ግርማ ልጄ ምን ሆነ?»

ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሰ ቪዲዮ በትክክል ያነበበችው እሷ ብቻ ናት። ደህና ነው ብላት አላመነችኝም፤ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው። ድምፁን አሰማኝ አለችኝ። እሷን መስመር ላይ አቆይቼ፣ ሦስታችንም እንድንሰማማ አድርጌ ግርማ ጋ ደወልኩ። ጠራ፤ አላነሳም። መልሼ ደወልኩ። ሲጠራ፣ ሲጠራ እኔም አማተብኩ። የእናቴ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል።

በመጨረሻ ግርማ አነሳው። ከጀርባው ትራኩ ያጓራል።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ምንድን ነው የምትደጋግምብኝ?» አለና ድምፁ ወዲያው ዝቅ አለ። «ደረጀ፣ ማን ሞተ?»

እናቴ እልል አለች።